አጥንት ቆጣሪ ተብዬ ሞጣ ደርሼ መጣሁ

ጎጃም ደርሶ የተመለሰ ሰው ማርና ቅቤ ይጠየቃል። እኔም ከሞጣ በተመለስሁ ማግስት ጎረቤቶቼ በየተራ ብቅ እያሉ «ምን ይዘህልን መጣህ?» ሲሉኝ ሰነበቱ። ይዤ የመጣሁት አንድ ካርቶን አጥንት ነው። ሥራዬን ስለሚያውቁ ብነግራቸው ስቀው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ዝም አልሁ። መንገዱን ግን ልጽፈው ፈለግሁ። ብቸናንና ሞጣን በዕድሜያችሁ የማታዩ ብዙ ናችሁ፤ ደግሞም የሆዴን ንዴት በሆዴ ይዤ መቀመጥ አቅቶኛል።

ሥራዬን ለማያውቅ፣ አጥንት እለያለሁ። ፈረንጆቹ ጥንት ሰው የኖረበትን ቦታ ሲቆፍሩ ከሸክላ ስባሪ ጋር የሚወጣው አጥንት በየቅርጫቱ ለእኔ ይመጣል። እኔ ይህ የበሬ ነው፣ ይህ የአህያ ነው፣ ይህንን ጅብ አኝኮታል፣ ይህንን ቢላዋ ነክቶታል እያልሁ እደረድራለሁ። በዚህም ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች ምን እንዳረቡና ምን እንደበሉ ይታወቃል። ከሁሉ የሚያስቸግሩት በግና ፍየል ናቸው። ቆዳቸው ከተገፈፈ፣ ሥጋቸው ካለቀ በኋላ ከቀንዳቸው ሥርና ከእግራቸው አገዳ ጫፍ በቀር የሚለያቸው ጥቂት ነው። እኔም ከቄራ እግርና ጭንቅላት እየለመንሁ፣ እየቀቀልሁና እያነጻጸርሁ ተማርሁት። ባለቤቴ ድስቶቿን ከእኔ መደበቅ ከጀመረች ቆይታለች።

ፈረንጆቹ በብቸናና በሞጣ መካከል አንድ አሮጌ ጉብታ ቆፍረው ነበር። አገሩ ከጥቂት ጊዜ በፊት በግብር ነገር ጠመንጃ ያነሣ አገር ነው። ካስማ ተክለው ገመድ ሲወጥሩ ገበሬው «መሬታችን ሊለካ ነው» ብሎ ካስማውን ይነቅልባቸው ጀመር፤ በመጨረሻም ሥራውን ሳይጨርሱ ሄዱ። የወጣውን አጥንት ግን ጉብታው አጠገብ ባለ የአንዲት ባልቴት ጎተራ አኑረውት ነበርና «ሂድና እዚያው ለይ፤ የሚረባውን ብቻ አምጣ» ተብዬ ታዘዝሁ።

ሰኞ በማለዳ በላንድሮቨር ወጣን። ሾፌሩ ታደሰ ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን አፉ ካልሠራ መኪናው የሚቆምበት ይመስለዋል። ጎሐ ጽዮን ቁርስ በላን፤ የዓባይን ቁልቁለት ስንጀምር እንጦጦን ወጥቼ መውረዴን እንደ ጀብዱ እቆጥር የነበርሁት ሰውዬ አፈርሁ። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ጎማችን ፈነዳ። ትርፉ ጎማ ደግሞ ራሱ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሙቀት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ጤፍ የጫነ መኪና መጣ፤ ሾፌሩ ሳይጠየቅ ወርዶ፣ ሸሚዙን አውልቆ ጎማችንን አስተካከለልን። አዲስ አበባ ቢሆን ጥሩንባ ነፍቶብን ያልፍ ነበር። ደጀን አመሻሽተን ገባን። የተኛሁበት አልጋ የቁንጫ ርስት ነው፤ እኔ እንግዳ መሆኔን እስከ ጠዋት ድረስ አስታወሱኝ።

ማክሰኞ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ብቸና ታጠፍን። ከዚህ ወዲያ መንገዱ መንገድ የሚባለው በትሕትና ነው። ሜዳው ግን ሰፊ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ብቸና ስንገባ ነው። ኬላ ላይ ዘበኛው መኪናዋን አስቁሞ «ሰውየው ምን ሊሠሩ ነው የመጡት?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ታደሰ ደረቱን ነፍቶ «ከመንግሥት የተላኩ ናቸው፤ አጥንት ሊለዩ» አለ። ዘበኛው እጅ ነሥቶ ገመዱን ጣለልን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ! እኛ ምሳ በልተን እስክንነሣ ወሬው ከተማዋን ዞሮ ጨርሷል።

ምሳ የበላንበት ቤት አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከመደባቸው ተነሥተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«እርስዎ ነዎት አጥንት ቆጣሪው?» አሉኝ።

መለየትም መቁጠርም ያው ሥራዬ ነውና «አዎን፣ አባቴ» አልሁ።

«እስከ ስንት ይቆጥራሉ?»

«ደህና ከዋልሁ በቀን ሁለት ቅርጫት እጨርሳለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው «ስሙ እንግዲህ! እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን አፋችን ይደርቃል፤ የአዲስ አበባ ሰው በቅርጫት ይቆጥራል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳይገባኝ ሳቅሁ፤ የምሳውንም ሂሳብ አንቀበልም አሉን።

በኋላ የገባኝን አሁኑኑ ልንገራችሁ። እኛ ጉለሌ አጥንት ማለት ውሻ የሚጣላበት ነው፤ መሬትም በውል ወረቀት ይገዛል። ጎጃም ግን አጥንት ማለት ትውልድ ነው። ርስት የሚገኘው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው ካቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም ሆነ በአባት ወርዶ «ልጁ ነኝ» ብሎ አጥንት በመቁጠር ነው። አጥንት ያለው ያርሳል፤ አጥንት የለህም የተባለ ማረሻውን ሰቅሎ ይቀመጣል። እንግዲህ በዚህ አገር መካከል፣ ስንቱ በርስት እየተካሰሰ ባለበት ሰዓት፣ መንግሥት አጥንት የሚለይ ሰው በመኪና ላከ ተባለ።

ረቡዕ ደብረ ወርቅን አልፈን ሄድን። ከዚያ ወዲያ አንድ ወንዝ ስንሻገር ላንድሮቨሯ እስከ ሆዷ ገባች። ታደሰ ወንዙን፣ መኪናዋን፣ በመጨረሻም እኔን ተሳደበ። ከየት እንደመጡ ያላየናቸው ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ከአውድማ ፈትተው አምጥተው ጎትተው አወጡን። አመሰግናለሁ ስል አንዱ «ምንም አይደል ጌታዬ፤ ብቻ የእኛን ጎጥ ሲቆጥሩ አይርሱን» አለኝ። የአጥንት ቅርጫት በጎጥ ይለያል ያለው መስሎኝ «አልረሳም» አልሁት።

አመሻሽ ላይ ባልቴቷ ቤት ደረስን። እመት የሻሽ ይባላሉ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ባላቸውም ልጃቸውም ሞተውባቸዋል። የእሳቸው ቤት ከእኛ ቤት ጋር አይነጻጸርም፤ አንድ ክብ ጎጆ ነው፣ በአንድ ወገን ሰው በሌላው ወገን ጥጃ ያድርበታል። ቢሆንም የሚተኙበትን መደብ ለእኔ ለቀቁ። እኔ መሬት እተኛለሁ ብል «እንግዳ መሬት አስተኛች ልባል ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ቀኑ ጾም ስለ ነበር ሽሮ በሰናፍጭ አቀረቡልን፤ አዲስ አበባ በቅቤ የምንበላውን ወጥ ያስንቃል።

እራት ላይ የሆዳቸውን አጫወቱኝ። ከጉብታው በታች ያለውን ማሳ እናታቸውም የእናታቸው አባትም ያረሱት ነው። ግራዝማች በላቸው የሚባል የአገሩ ጉልበተኛ «አንቺ ከአቅኚው አትወለጂም» ብሎ ወሰደባቸው፤ ሰባት ዓመት ሞጣ እየተመላለሱ ተሟገቱ። ማሳው ከሄደ ሌላ የሚያርሱት የለም። የሚያርስላቸው ሰው እንኳ ያለዚያ ማሳ በራቸውን አያንኳኳም።

ሐሙስ ጠዋት ጎተራው ፊት ቆዳ ዘርግቼ መለየት ጀመርሁ። ፀሐይዋ ደስ ትላለች፤ እኔ የለመድሁት ምድር ቤት ውስጥ በአምፖል ነው። እመት የሻሽ ጉልበታቸውን አቅፈው አጠገቤ ተቀምጠው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ጎረቤቱም ተሰበሰበ። አንዱ ከጓሮው አጥንት አምጥቶ «ይህስ?» አለኝ። ጫፉን አየሁና «ፍየል ነው፤ ገና ግልገል ነበረች» አልሁ። ሰውየው አፉን ያዘ፤ ባለፈው ወር ነብር የገደለበት ግልገል ነበረችና። ከዚያ በኋላ የመንደሩ አጥንት ሁሉ ፊቴ ተከመረ። ሰው ሲደነቅልኝ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ምድር ቤት ውስጥ የሚያጨበጭብልኝ የለም።

ቀትር ላይ ከቤቱ ጓሮ የበግ ድምፅ ሰማሁና ዘወር ብል ያላቸውን አንድ ሙክት አሳርደዋል።

«እናቴ፣ ምነው? ለሁለት ሰው ሙክት ይታረዳል?»

«አጥንቴን ልትለይልኝ መጥተህ ጎመን ላብላህ?»

በዚህ ጊዜ ነው የነገሩ ሁሉ ጭራ የተያዘልኝ። ተነሥቼ ቆሜ አስረዳኋቸው። የምለየው የከብት አጥንት ብቻ መሆኑን፣ የማን አያት የማን እንደሆነ ከአጥንት የሚያውቅ ሰው በዓለም እንደሌለ፣ ይህ ጉብታም ስለ ርስታቸው የሚለው ነገር እንደሌለ ነገርኋቸው። አሳዘንኋቸው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን እጄን ይዘው ሳቁ።

«የበጉን ከፍየሉ የለየ፣ ሰውን ከሰው ያቅተዋል?» አሉ። ጎረቤቶቹም «እውነታቸውን ነው» አሉ። ሥራ በዛበትና ሊሸሽ ነው ብለው የጠረጠሩኝም ነበሩ።

ሙክቱን በላን። እንዲህ ያለ በግ ሲገኝ አጥንቱን ለማነጻጸሪያ መያዝ ልማዴ ነው፤ ዕድሜው፣ ወንድነቱ፣ አገሩ ሁሉ የታወቀ ነውና። ቀቀልሁት፣ አጠብሁት፣ በፀሐይ አደረቅሁት። ወረቀት አይጥ ስለሚበላው አጥንቱ ላይ በጥቁር ቀለም መጻፍ ጀመርሁ። «ምን እያልህ ነው?» አሉኝ። «ሙክት፣ አገሩ፣ የባለቤቱ ስም» አልሁ። «የእኔ ስም? አጥንት ላይ?» አሉና እልል አሉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ትንፋሻቸውን ያዙ።

ዓርብና ቅዳሜ የቀረውን ጨረስሁ። በሬ ብዙ፣ በግና ፍየል ከዚያ ያነሰ፣ ውሻ የቆረጣጠማቸው ጎድኖች፣ አንድ የአህያ መንጋጋ ጥርሱ ሳይረግፍ። የሰው አጥንት አንድም የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዳኛ የተላከ ሰው መጣና ሰኞ ሞጣ ችሎት እንድቀርብ ነገረኝ። ምስክር አድርገው የጠሩኝ እመት የሻሽ ናቸው። «ባይጠሩኝ ይሻል ነበር» ብላቸው «አንተ ያየኸውን ብቻ ተናገር፤ እኔ ሌላ አልሁህ?» አሉኝ። 

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሞጣ ሄድን። እመት የሻሽ ከፊት ተቀምጠው መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ማርያምን ይጠራሉ። ሞጣ ለነገ ችሎት በመጡ ባለጉዳዮች ተሞልታ ማደሪያ ጠፋ። ታደሰ የሚያውቃቸው ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ቤታቸውን ከፈቱልን። እስላም ስለሆኑ የእሳቸውን እርድ እንደማንበላ ያውቃሉ። በግ ገዝተው፣ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው በእሱ ቢላዋ አሳረዱልን፤ ድስቱን እንኳ ከዚያው ቤት አስመጡ። እሳቸው በሌላ ገበታ ከፊታችን ተቀምጠው አጫወቱን። እኔ በሥራዬ ስንት ሺህ አጥንት አይቻለሁ፤ ማን ምን ብሎ ባርኮ እንዳረደው የሚናገር አንድም አላገኘሁም። ይህን ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኛም አያቶቻችን ሸማና ጨው ሲያመላልሱ ጀምሮ እዚሁ ነን» አሉ። «ርስት ግን የለንም። የእኛ አጥንት የሚፈለገው ለመቃብር ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ነገ ችሎት ፊት አጥንት የሚለውን ቃል አትጥራ። የግራዝማች ነገረ ፈጅ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ነው። እዚህ አገር ቃል ሁለት ሆድ አለው።»

ምክሩ ደህና ነበር። ግን አጥንት ለይ ሰው አጥንት ሳይል ስለ ሥራው ምን ይናገራል?

ሰኞ ችሎቱ የተቀመጠው ዋርካ ሥር ነው፤ ዳኛው ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኙ አስቀምጧል። ግራዝማች ካባውን ደርቦ በበርጩማ ተቀምጧል፤ እመት የሻሽ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። ማልሁ። ነገረ ፈጁ ቀጭን ድምፅ ያለው፣ ሲናገር ጣቶቹን አንድ በአንድ የሚያጥፍ ሰው ነው።

«ከመንግሥት የተላክህ አጥንት ቆጣሪ ነህ?»

«አጥንት ለይ ነኝ፤ የከብት...»

«ከጉብታው የሰው አጥንት አግኝተሃል?»

«አላገኘሁም፤ ነገር ግን...»

«የተጠየቅኸውን ብቻ» አለ ዳኛው።

«እሺ፣ ምን አገኘህ?» አለ ነገረ ፈጁ።

«የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል።»

«ሌላስ? ምለሃል።»

ምን ላድርግ? «አንድ የአህያ መንጋጋ» አልሁ።

ነገረ ፈጁ ኩታውን አስተካክሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ይስሙልኝ ጌታዬ! አጥንቴ ይቆጠርልኝ ያለችው እሷ፣ ቆጣሪውን የጠራችው እሷ። ተቆጥሮ፣ ተቆጥሮ፣ አህያ ላይ ደረሰ!»

ዋርካው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። ትናንት ሞጣ ስንገባ «አጥንት ቆጣሪው መጣ» ብሎ መኪናችንን የሳመ ሰው ሲስቅ አየሁ።  ዳኛው ቢከለክለኝም ጮኼ ተናገርሁ፤ «ጌታዬ፣ የተበላ ከብት ካለ የበላ ሰው ነበረ ማለት ነው! እዚያ ሰው ኖሯል፣ አርብቷል፣ ጭኗል። የማን አያት እንደሆነ ግን አጥንት አይናገርም፤ ለእሳቸውም አይናገርም፣ ለግራዝማችም አይናገርም!»

ነገረ ፈጁ አልተቸኮለም። «በልቶ አጥንቱን ጥሎ የሄደ እንግዳ ነው» አለ። «የቀረው ነው ባለ ርስት።»

ሽማግሌዎቹ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። እዚህ አገር ነገር ካማረ እውነት ሆነ ማለት ነው። ዳኛውም ሁለቱን ሽማግሌዎች በጆሯቸው አነጋግሮ ፈረደ። «ራሷ አምናበት የጠራችው፣ ምሎ የተናገረ ምስክር ነው። አጥንት አልተገኘላትም። ማሳው የግራዝማች ነው» አለ። ሰባት ዓመት የተጓተተ ነገር ቡና ሳይፈላ አለቀ። እኔ «የሰው አጥንት አላገኘሁም» አልሁ እንጂ «አጥንት የላትም» አላልሁም። ማን ይሰማል? የዳኛው ጸሐፊ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሐጂ እንድሪስ ግቢ ተመልሰን ተቀመጥን። እመት የሻሽ አላለቀሱም። እኔን የሚሳደቡኝ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ከአገልግላቸው የቀረውን ድርቆሽ አውጥተው በጨርቅ ቋጠሩልኝ።

«መንገደኛ ነህ» አሉኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ያ ስሜ ያለበት አጥንት ካንተ ጋር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን፣ ካርቶን ውስጥ ነው።»

«የት ታኖረዋለህ?»

«አዲስ አበባ፣ መንግሥት ቤት።»

አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ፤ ያ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። «እንግዲያው ለግራዝማች ንገሩልኝ፤ እኔም መንግሥት ቤት አጥንት አለኝ» አሉ። ቅኔ ይሁን የምር ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሐጂ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማክሰኞ እመት የሻሽን ጎጇቸው አድርሰን ተመለስን። በመጣንበት ወንዝ እንደገና ሰጠምን፤ የሚያወጣን ሰው ግን እስከ ማታ አልመጣም። ታደሰ እስከ ዓባይ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ለእሱ ይህ የሐዘን ያህል ነው። ድርቆሹን ጎሐ ጽዮን ላይ በላነው። ጉለሌ ስገባ ባለቤቴ ካርቶኑን አይታ «ደግሞ አጥንት?» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

መሥሪያ ቤት ያመጣሁትን አስረከብሁ። አለቃዬ ሙክቱን አንሥቶ አገላብጦ «ጥሩ ናሙና ነው፤ የባለቤቱ ስም ግን ምን ያደርጋል? ዓይነቱና አገሩ ይበቃል፤ ሰርዘው» አለኝ። «ቀለሙ ጠልቆ ገብቷል፤ አይለቅም» አልሁት። ሞክሬ አይደለም።

አሁን የሙክቱ አጥንት መደርደሪያው ላይ እጄ በሚደርስበት ተቀምጧል። ከየቁፋሮው ቅርጫት ይመጣል፤ አንዳንዴም የበግ ይሁን የፍየል የማልለየው ስባሪ ይወጣል። ያን ጊዜ የሙክቱን አገዳ አነሣና ከስባሪው ጋር ጎን ለጎን አስተያያለሁ። ጫፉ ላይ «የሻሽ» የሚለውን አነባለሁ። ከዚያም መዝገቡን ስቤ «በግ» ብዬ እጽፋለሁ።